አገር ሊጽፉ የተቀመጡት

ተረቴን ልጀምር፤ ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ ወንበር ያለው ደግሞ አብልጦ ይስማኝ።

ድሮ፣ እንስሳት ጉባኤ መቀመጥ በጀመሩበት ዘመን፣ ፔሩ በምትባል በባሕር ማዶ አገር ቻስካ የምትባል ላማ ነበረች። ላማ ማለት አንገቷ የግመል፣ ጠጉሯ የበግ፣ ትዕግሥቷ የአህያ የሆነ እንስሳ ናት። ቻስካ ከባሕሩ ዳር ጨው ጭና ትነሣለች፤ የአንዲስን ተራራ ታቋርጣለች፤ እስከ አማዞን ደን ድረስ ትወርዳለች። ስትመለስ የቸኮሌት ፍሬ የሆነውን ካካዎ ትጭናለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረች። አገሩን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

አንድ ጊዜ እንስሳቱ "አገራችን መጽሐፍ ይጻፍላት" አሉና በተራራው ወገብ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩ ኮንዶር ሆነ። ኮንዶር ጥንብ ከመብላት በቀር ሥራ የሌለው መላጣ አሞራ ነው፤ ከፍ ብሎ ስለሚበር ግን ዐዋቂ ይባላል። ከባሕሩ ዳር ዓሣ በሊታው ወፍ ፔሊካን፣ ከደኑ ነብር መሳዩ አያ ጃጓር መጡ።

"ፔሩ ማለት ባሕር ናት" አለ ፔሊካን። "ሕዝቧም ጥሬ ዓሣ በሎሚ አሽቶ የሚበላ ነው። ተራራ የሚባል ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወሬ ይሆናል።"

"ባሕር ደግሞ ምንድን ነው?" አለ አያ ጃጓር። "ፔሩ ደን ናት። ሕዝቧም በታንኳ የሚሄድ፣ ካሳቫ የሚባል ሥር ቀቅሎ የሚበላ ነው።"

ኮንዶር ጉሮሮውን ጠረገ። "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ግን ሊቀ መንበር ነኝ። ስለዚህ ፔሩ ተራራ ናት። ሕዝቧም ድንች ይተክላል፣ ባለ ቀለም ካባ ይሸምናል።"

ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የማን ምዕራፍ ይቅደም በሚለው ዘጠኝ ቀን ተከራከሩ።

በዐሥረኛው ቀን ቻስካ እያለከለከች ደረሰች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭነቷን መንገድ ላይ ጥላ ነበር የመጣችው።

"ጌቶቼ፣ ከበረዶው ሥር ያለው ሐይቅ ዳርቻው ተሰንጥቋል! ከታች የኩዮች መንደር አለ።" ኩይ ጅራት የሌላት፣ ከአይጥ የምትተልቅ ምስኪን ፍጥረት ናት። "ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ክንፍ አለዎት። በርረው ይንገሯቸው።"

"ሐይቁ የየትኛው ምዕራፍ ነው?" አለ ኮንዶር።

"ውኃ ከሆነ የእኔ ነው" አለ ፔሊካን።

"ተራራ ላይ ያለ ውኃ የእኔ ነው" አለ ኮንዶር።

"የሚፈስሰው ወደ ደን አይደለም እንዴ? የእኔ ነው!" አለ አያ ጃጓር።

ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቻስካ ቁልቁል ሮጠች።

መንደሩ ስትደርስ የኩዮች አለቃ እማማ ኢላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

"ከጉባኤው ደብዳቤ ይዘሻል?" አለች እማማ ኢላ።

"ደብዳቤ የለኝም፤ ጀርባ ግን አለኝ። ልጆቹን ጫኑብኝ!"

ልጆቹንና እናቶቻቸውን ጫኑባት። ከመንደሩ በላይ ወዳለው ኮረብታ ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። እማማ ኢላና ሽማግሌዎቹ ግን "ሊቀ መንበሩ ሳይናገሩ ከቀዬአችን አንነሣም" ብለው ቀሩ። ቻስካ ለሰባተኛ ጊዜ ስትወርድ ውኃው ደብዳቤ ሳይጠብቅ መጣ። እማማ ኢላ ስትጣራ ሰማቻት፤ ቀጥሎ ጭቃው ብቻ ተሰማ። ቻስካ ኮረብታው ላይ ከተረፉት ጋር እስኪነጋ አለቀሰች።

በወሩ መጽሐፉ አለቀ። "በጉባኤው ብርቱ ክትትል ኩዮች ከጎርፍ ዳኑ" የሚል ተጻፈበት። ያልዳኑት ግን አልተጻፉም፤ በማን ምዕራፍ እንደሞቱ ገና ስምምነት አልተደረሰም ነበርና።

መጽሐፉ ከባሕር እስከ ደን ለሕዝብ መዳረስ ስላለበት ቻስካን አስጠሯት። አመስግነው ጫኑባት።

"በይ ተነሺ፣ አገርሽን ተሸከሚ" አለ ኮንዶር።

ቻስካ አራት እግሯን አጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ገፏት፤ አልተነሣችም። ለመኗት፤ አልተነሣችም። በመጨረሻ ጭነቷን አራግፋ ጣለችና መጽሐፉ ላይ እንትፍ አለችበት።

"አገሩን እንዲህ ካወቃችሁት" አለች፣ "መንገዱ አይጠፋችሁም። እናንተው ተሸክማችሁ አድርሱት።"