ስለ ጃንጥላዬ የተጾመ ጾም

ሰው የሚያስተምረውን ነገር ያውቀዋል ብሎ የሚያምን ካለ እኔን አላገኘኝም ማለት ነው። ሶዶ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ዕድሜዬን ጨረስኩ። «ሰውነታችን ቫይታሚን ዲን በምን ይሠራል?» ብዬ ያልጠየቅሁበት ፈተና የለም፤ «በፀሐይ» ያላለ ተማሪ ማርኩን ተነጥቋል። እኔ ግን ያለ ጃንጥላ ከደጄ አልወጣም። እስከ ትምህርት ቤት ያለችውንም አጭር መንገድ በባጃጅ ነው የምሄዳት። ፀሐይ የገበሬ ናት፣ መምህር ደግሞ የጥላ ሰው ነው ብዬ ይሆን? አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አምና አጥንቴን ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ጉልበቴም ደረጃ ላይ ይከዳኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አልደበቅሁም፤ ለጸሎት ቡድናችን ነገርኩ። ሐኪም ያላወቀው ሕመም ያዘኝ አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ያላሳየሁት ሐኪም በምን ያውቀዋል?

ቡድኑ ሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዘልኝ። ከሁሉም የበረቱት እማማ ባሎቴ ነበሩ፤ ገበያ መሬት ላይ ተቀምጠው ቦዬ የሚባለውን የሥር ምግብ የሚሸጡ ባልቴት። ሦስቱንም ቀን ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ እዚያው የፀሐይ ንዳድ ላይ ቦያቸውን እየሸጡ ጾሙልኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ባለቤቴ ስትጨቀጭቀኝ፣ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ አረፈው። የደሜን ውጤት አየ፤ ቀጥሎ ወንበሩን የተደገፈውን ጃንጥላዬን አየ። ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶብኛል፤ ክኒን እንድውጥ፣ ረፋድ ላይም ፀሐይ እንድሞቅ አዘዘኝ።

«መምህር፣ ይኼን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ በትሕትና። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ለቀቀኝ። አሁን የቀረው ጉድ ምስክርነቱ ነው። ለተጸለየለት ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ መመስከር ግዴታ ነዋ! «ጌታ ፈወሰኝ» ብዬ ብቀመጥ ማን ይጠይቀኛል? ጀምሬውም ነበር። ግን እማማ ባሎቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በደስታ ያለቅሳሉ። ፀሐይ ያጠቆረውን ፊታቸውን ሳይ አላስችል አለኝና ስለ ጃንጥላው፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ፈተናው ጥያቄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስንወጣ እማማ ባሎቴ ጠበቁኝ።

«እኔ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የጾምኩት አንተ ፀሐይ አጥተህ ነው?»

አዎ አልኩ፤ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ ረፋድ ገበያ እንድመጣ፣ አጠገባቸው ቦታ እንዳለ ነገሩኝ። ሄድኩ። ከቦዬው ክምር አጠገብ በርጩማ አዘጋጅተውልኛል። ተማሪዎቼ እያዩኝ ያልፋሉ። ልማድ ክፉ ነው፤ ቁጭ ከማለቴ ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። እማማ ባሎቴ ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱትና ከራሳቸው በላይ ያዙት።

«እኔም ለራሴ ስንት ዓመት ጥላ እንዲሰጠኝ ጌታን ስለምን ነበር» አሉ፤ «ጌታ የሁለታችንንም ሰማ።»