ሦስት መስመር በቆሎ

ገበሬ በደስታ የማይቀበላቸው ሁለት ዓይነት እንግዶች አሉ። አንዱ አበዳሪ ነው፣ ሌላው መካሪ። አበዳሪው ጎተራውን ያይበታል፣ መካሪው ስሕተቱን ያይበታል። ታዲያ ሁለቱ በአንድ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጠው ሲመጡበት ምን ይሰማዋል? እኔ አበዳሪው ስለሆንኩ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው የለም።

መካሪዋ ሰናይት ትባላለች፤ የግብርና ባለሙያ ናት። መሥሪያ ቤቶቻችን በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችን አብረው ለመደገፍ ተስማምተው በአንድ ቢሮ አስቀምጠውናል። ስለዚህ እኔ ሞተሩን እነዳለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ስለ አፈር ታስተምረኛለች። እሷ «ይህ ማሳ ይህን ያበቅላል» ብላ ካልፈረመች እኔ ዘርና ማዳበሪያ አላበድርም። እኔ ካላበደርኩ ደግሞ የእሷ ምክር በአየር ላይ ይቀራል። ከትዳር በምን ይለያል?

ጋሽ ደምሴን ያወቅናቸው በዚሁ ሥራ ነው። ወደ ስድሳ የተጠጉ ገበሬ ናቸው፤ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። ልጆቿ አዲስ አበባ የቀሩባት አንዲት ባልቴት በአንኮበር መንገድ ያለውን መሬቷን በእኩል እንዲያርሱት ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን ዘርም የላቸው፣ በሬም የላቸው፤ ያፈሩት ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ሰናይት አፈሩን በመዳፏ ፈተገችው፣ ቀና ብላ ሰማዩን አየችና «ድንች» አለች። ባልቴቷ ዋስ ሆነች፣ በሬም አዋሰች። እኔም የድንቹን ዘር ፈቀድኩ።

ጋሽ ደምሴ «በቆሎስ?» አሉ።

ሰናይት በትሕትና አስረዳቻቸው። አገሩ ደጋ ነው፤ በቆሎ ሲንቀራፈፍ ይከርምና ገና ሳያሽት ጥቅምት ላይ ውርጭ ይመታዋል። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ያንን መነቅነቅ ስምምነት ነው ብዬ መዘገብኩት። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ የቆየሁ ሰው!

ነሐሴ ላይ ስንመለስ ድንቹ አምሮበታል። የማሳው ጥግ ላይ ግን ሦስት መስመር በቆሎ ቆሟል። ከጉልበቴ አያልፍም፤ ብርድ እንደያዘው ሰው ኩርምት ብሏል። ይሄኔ ሹመቴ ትዝ አለኝ። በውላችን ላይ በቆሎ የሚል ቃል የት አለ እያልኩ አገሩን ቀወጥኩት። ሰናይት በክርኗ ጎሸም አድርጋ ዝም አሰኘችኝና «ጋሽ ደምሴ፣ ይንቀሉትና ጎመን ይዝሩበት» አለቻቸው። «እሺ ልጄ» አሉ።

አልነቀሉትም። ድንቹ ለቁፋሮ ሲደርስ ጥቅምት ላይ ሄድን። በቆሎው እንደምንም ወገባችን ደርሶ ነበር፤ ውርጩ ግን ለብልቦታል። ቅጠሉ እንዳለ ደርቋል። ጋሽ ደምሴ አጠገቡ ቁጢጥ ብለዋል። ልናገር አፌን ስከፍት ነፋስ መጣና ደረቁ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ዝም እንድል አዘዙኝ። አበዳሪን!

ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው የተናገሩት። «እንደማያፈራማ መች አጣሁት ልጄ፤ በቆሎ ሳበቅል አይደል የሸበትኩት። እዚያ ቤታችን ዙሪያውን በቆሎ ነበር። ደጃፌ ላይ ቁጭ ስል ይህን ነበር የምሰማው። የዚህ አገር ገብስም ጥሩ ነው፣ ግን ድምፁ ሌላ ነው፤ እኔን አያውቀኝም። ይህን ልበላው አልዘራሁትም፤ ልሰማው ነው።»

ሰናይት ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ነገር ስትፈልግ ቆየች። ምን እንደጠፋባት አልጠየቅኳትም። የእናቷ ቤት ሩቅ ቆላ ነው፤ ከማሽላ ማሳ ወፍ እያባረረች ነው ያደገችው፤ ወደዚያ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። እኔስ ብሆን? ጫጫ ከተማ ያለው የአባቴ የገብስ ማሳ ዛሬ ብሎኬት ማምረቻ ሆኗል። ወደ አዲስ አበባ በተሳፈርኩ ቁጥር በዚያ በኩል ባለው መስኮት ካልተቀመጥኩ ብዬ ከሚኒባሱ ረዳት ጋር እጣላለሁ። ብሎኬት ለማየት!

ድንቹ እጅግ ጥሩ ወጣ። ብድሩ ተመለሰ፣ ባልቴቷ ድርሻዋን ወሰደች፣ እኛም በፌስታል በፌስታል ተሸክመን ገባን። የቀረን ሪፖርቱ ብቻ ነበር። ቅጹ ምርት ያልሰጠ መሬት ካለ ምክንያቱ ይገለጽ ይላል። «ውርጭ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁና ተውኩት። በቆሎውን ውርጭ ገደለው እንጂ ውርጭ አልዘራው። ሰናይትን ምን ልጻፍ አልኳት። «እውነቱን» አለች። «ናፍቆት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለታችንም ፈረምንበት።

በሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ጭንቀት አለበት። ናፍቆት የተባለውን ተባይ ከዝርዝራቸው ውስጥ ፈልገው እንዳጡት፣ አዲስ የገባ ከሆነም ባለሙያዋ መድኃኒቱን ባስቸኳይ እንድታሳውቅ ነገሩኝ። ቀጥለውም ከዚያ ማሳ ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛምቶ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ሰናይትን አየኋት።

«አዎን ጌታዬ» አልኳቸው፣ «ቢሮአችን ድረስ ገብቷል።»