ክቡር ሊቀ ቆላፍያን

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ኮምፒውተሩን እንደመጣለት ዘግቶ የሚነሳ፣ እና የሌላው ሰው ኮምፒውተር እንዴት እንደሚዘጋ ሳያስተካክል እንቅልፍ የማይወስደው። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ነው፤ እኔም እናንተም አለንበት። ሁለተኛው ግን በየቤተሰቡ አንድ አንድ ይታደላል። የጠራው የለም፣ የለመነው የለም፤ በጋብቻ ወይም በጉርብትና ይመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይመለስም።

ለእኛ ቤት የደረሱን የታናሽ እህቴ ባል ናቸው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ ፊት ለፊትም "አንተ" ነው የምላቸው። ይሁንና ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ "ሊቀ ቆላፍያን" ብሎ የሾመውን ሰው በጋዜጣ ላይ "እሱ" ብሎ መጥራት ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ በዚህ ጽሑፍ አንቱ እያልኩ እቀጥላለሁ። ነገ በመንገድ ቢያገኙኝ እንደገና አንተ እላቸዋለሁ።

ሥራቸው መድን ድርጅት ውስጥ ነው። የተጋጨ መኪና፣ የተቃጠለ መጋዘን፣ ጎርፍ የገባበት ሱቅ እየዞሩ ያያሉ፣ ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን መከራ ሲለካ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ዓለምን እንደ እኛ ሊያያት አይችልም። እኛ በረንዳ የምንለውን እሳቸው መውደቂያ ይሉታል። ንግግራቸው ሁሉ "እግዜር አያድርገውና" ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ እግዜር ቢያደርገው ምን ምን እንደሚከተል አንድ በአንድ ይተርኩላችኋል። ሲጨርሱ "ሳይቃጠል በቅጠል" ብለው ያሳርጋሉ።

እኔ መጀመሪያ የተጠቃሁት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሊጠይቁን መጡ፣ ተቀመጡ፣ "ውሃ ጠማኝ" አሉ። ቀድቼ ስመለስ ወንበሬ ላይ ናቸው፤ ላፕቶፔ ፊታቸው ተከፍቷል።

"ይሄን እንዴት ነው የምትዘጋው?" አሉኝ፣ ሐኪም ሕመምተኛን በሚጠይቅበት ድምፅ።

"እንደ ሰው።"

"እንደ የትኛው ሰው?"

ክዳኑን በጣታቸው ዝቅ ከፍ አደረጉት።

"አየህ፣ ክዳኑን ስትከድነው ይተኛል። ማነው ይተኛ ያለው? አንተ ነህ?"

"እኔማ ምንም አላልኩም።"

"ፋብሪካው ነው ያለው። ፋብሪካው ያንተን ጠባይ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"በቃ።"

እሳቸው "በቃ" ካሉ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ውሃውን አንዴ ጎንጨት አድርገው ሥራ ጀመሩ። ክዳኑ ሲከደን ምንም እንዳይሆን አዘዙት። ማብሪያው ሲነካ እንዲተኛ አዘዙት። ከማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ አንዱን አወጡ፣ ሌላውን አስገቡ፤ እኔ የማላውቃቸው ምርጫዎች ከየጓዳቸው እየወጡ ስማቸው ተጠራ። ሲጨርሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ውሃው ከዚያች ጉንጭ በቀር እንዳለ ነበር።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ክዳኑን ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለካ አልተኛም። ቦርሳው ውስጥ ሆኖ እየሠራ፣ እየጋለ፣ አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፈረ። ጎኔ ሞቅ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጠዋቱ ብርድ ነበረና። ቢሮ ደርሼ ስከፍተው ባትሪው አልቆ ነፍሱ ወጥታለች። ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ተከድኖም ይሠራል ማለት ነው፤ ጥሩ አይደል እንዴ?" አሉ።

"ለምን ብሎ ነው ተከድኖ የሚሠራው?"

"እግዜር አያድርገውና፣ አንድ ትልቅ ነገር ከኢንተርኔት እያወረድክ እጅህ ክዳኑን ቢነካውስ?"

እኔ በሕይወቴ ትልቅ ነገር አውርጄ አላውቅም። ትልቁ ያወረድኩት ነገር የእህቴን የሠርግ ቁም ሣጥን ከሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ያንንም ቢሆን እሳቸው ከሥር ቆመው "ቀስ!" እያሉ።

የክዳኑን ነገር እንደምንም አስተካከልነው። ሁለተኛው አዋጅ ግን የባሰ ነበር። ኮምፒውተሬ አንድ ደቂቃ ሙሉ ካልነካሁት ራሱን እንዲቆልፍ አደረጉት። "አንድ ደቂቃ ለሌባ ብዙ ነው" አሉኝ። ለጸሐፊ ግን ምንም አይደለም። እኔ አንድ ቃል ስፈልግ ኮርኒሱን እያየሁ የምቆይ ሰው ነኝ፤ ቃሉን አግኝቼ ዓይኔን ስመልስ ስክሪኑ ተቆልፎ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ፓስወርዱንም የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ቁጥር ያለበት፣ ምልክት ያለበት፣ ከማንም ስም ጋር የማይዛመድ፣ ከእኔ ጭምር የተሰወረ። እሱን አስታውሼ ስገባ ቃሉ ጠፍቷል። ቀስ በቀስ በክርኔ ማውዙን እየጎሰምኩ ማሰብ ለመድኩ። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና፣ "ምን ሆነህ ነው እንደ ዶሮ የምትጭረው?" አለችኝ።

"እያሰብኩ ነው" አልኳት።

የእህቴ ቤት ግን ከእኔ የከፋ ነው፤ እዚያ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ልክ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱን ያጠፋል፤ "ማሽንም ዕረፍት አለው" በሚል። አንድ ምሽት እህቴ የግድያ ፊልም እያየች፣ መርማሪው ሁሉንም ሰው ሳሎን ሰብስቦ፣ ጣቱን አንስቶ "ገዳዩ..." ሲል ድርግም አለ።

"እስከ ዛሬ ገዳዩ ማን እንደሆነ አላወቅኩም" ብላ ነገረችን በቤተሰብ ምሳ ላይ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር አለችና፣ "ቀጣዩ ሟች ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ" አለች።

ሊቀ ቆላፍያን ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው፣ "እግዜር አያድርገው" አሉ።

ግዛታቸው በቤተሰብ ብቻ አይወሰንም። የሰፈራችን ፋርማሲስት አንድ ቀን ተሳስታ "ይሄ ኮምፒውተር አስቸገረኝ" አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኗ በተቆለፈ ቁጥር በትልልቁ አንድ ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል፦ "ሳይቆልፍ የወጣ፣ ለሚደርስበት ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ነው።" ችግሩ ስክሪኑ ወደ ደንበኛ መዞሩ ነው። የሳል መድኃኒት ሊገዙ የመጡ አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡት። ቦርሳቸውን ዳበሱ። "ውይ፣ በሬን!" ብለው መድኃኒቱን ጥለው እየሳሉ ወደ ቤታቸው ሮጡ። ፋርማሲስቷ ነገሩን የነገረችኝ በስሞታ ነበር፤ ሊቀ ቆላፍያን ግን ሲሰሙ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

"በሩ ተቆልፎ ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"አልተቆለፈም ነበር" አልኳቸው። እውነት ነው፣ አልተቆለፈም ነበር።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከሚሆን..." ብለው ጀመሩ፤ እኔ ግን ተነስቼ ሄድኩ።

ይህን ሁሉ ስላየሁ ነው አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን እንዲሰበስቡ አጥብቄ የከለከልኳቸው። ያ ቦታ የእናቴ ጠረጴዛ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አሁን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌ አትይዝም። አንዲት ታላቅ እህት አለቻት፣ አክስቴ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለች። እናቴ በጉልበቷ ምክንያት መንገድ አትችልም፤ አክስቴ ከአልጋዋ አትነሳም። የሚገናኙት በዚያ ኮምፒውተር ነው። ከምሳ በኋላ ቪዲዮውን ይከፍቱና እስኪመሽ እንደተከፈተ ይተዉታል። ብዙም አያወሩም። እናቴ አሮጌ የልብስ ቁልፎቿን በየቀለማቸው ትለያለች፤ አክስቴ ታንቀላፋለች። አልፎ አልፎ፣ "እትዬ፣ ተኛሽ?" ትላለች እናቴ። "አልተኛሁም፣ ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት" ይላል ስክሪኑ። አብሮ መዋል ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሐኪሞቹ ስለ አክስቴ ሲጠየቁ "እንግዲህ..." ብለው ነው የሚያቆሙት። ስለዚህ እያንዳንዷ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ ልትሆን እንደምትችል ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

እዚያ ላይ ሊቀ ቆላፍያን ገብተው የአንድ ደቂቃ አዋጅ ቢያውጁ ምን እንደሚሆን አሰብኩት። እናቴ ፓስወርድ ስትፈልግ እህቷ ታመልጣታለች። ስለዚህ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት፣ "የእማዬን ኮምፒውተር የነካህ ቀን ተጣላን" አልኳቸው።

"እግዜር አያድርገውና..."

"አያደርገውም!" አልኩ። እህቴ አጨበጨበች።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ጋ ሄድኩ። የጠረጴዛዋ እግር ተናግቶ ስለነበር ልጠግነው ነው፤ አክስቴን ነርሷ እያጠበቻት ስለነበር ቪዲዮው ለጊዜው ተዘግቷል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ላነሳው ፈለግኩ። "አጥፋ" የሚለውን ፈለግኩ፤ የለም። "አስተኛ" የሚለውም የለም። ማብሪያውን ነካሁት፤ ዝም። ክዳኑን ከድኜ ከፈትኩት፤ እንደነበረ ነው፣ ማንነቴን እንኳ አልጠየቀኝም። የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ይታወቃል። እዚያው ቆሜ ደወልኩላቸው።

"ነካኸው አይደል?"

"እግዜር አያድርገውና" እንኳ አላሉም።

"ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ? አንድ ነገር እንኳ እንዳለ መተው አትችልም?"

"እማማን ጠይቃቸው" አሉ ቀስ ብለው።

እናቴ ከወንበሯ ሆና ትሰማ ነበር። "በል ተወው እሱን" አለችኝ። "እኔ ነኝ የጠራሁት።"

"አንቺ?"

"ይሄ እጄ" አለች፣ የሚንቀጠቀጠውን እጇን በሌላው ይዛ። "ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ ብዬ የማይነካ ነካሁና ጠፋብኝ። እትዬ ወሬ ጀምራልኝ ነበር እኮ፣ መሐል ላይ። እስኪመሽ ፊቱ ቁጭ አልኩ። እሷ ደግሞ ተቀይሜያት የዘጋሁባት መስሏት ስታለቅስ ዋለች።"

"ለምን እኔን አልጠራሽም?"

"አንተማ ሥራ ላይ ነህ። ደሞ ብትመጣ 'እማዬ ምንም አይደለም' ነው የምትለኝ። እሱ ምንም አይደለም አይልም። ሁልጊዜ ክፉ ቀን መጣ ብሎ ነው የሚያስበው፤ እኔም ክፉ ቀን ነበር የመጣብኝ።"

መጥተው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን እንኳ አልነኩትም አለች። "እማማ፣ እጅዎት እንዴት እንደሚሄድ ያሳዩኝ" ብለው፣ እሷ ስትነካካ፣ እሳቸው አጠገቧ ተንበርክከው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እጇ ሊያርፍበት የሚችለውን በር ሁሉ አንድ በአንድ ደፈኑት። አሁን ምንም ብትነካ አይዘጋም። ማጥፋት የሚያስፈልግ ሲሆን እሳቸው ራሳቸው እሁድ እሁድ ጠዋት ይመጡና፣ በሚያውቁት መንገድ አጥፍተው፣ አሳርፈው፣ አብርተውላት ይሄዳሉ። እኔ እሁድ እሁድ የሚመጡት ለቁርሷ ይመስለኝ ነበር።

"መቆለፊያስ?" አልኳት። "እንዴት ፓስወርድ ሳያደርግ ቀረ?" ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ቢፈቀድለት የውሃ ቧንቧ ላይ ፓስወርድ ያደርጋል።

እናቴ ሳቀች። "እኔም ጠየቅኩት። ልጄ፣ ሌባ ቢገባስ አልኩት። 'እማማ፣ እግዜር አያድርገውና፣ አክስት ሲጠሩ ተቆልፎ ቢያገኙትስ?' አለኝ። 'ሌባው ይውሰደው' አለኝ።"

እጄን በአፌ ጫንኩ። አገር ምድሩን ሲቆልፍ የኖረ ሰው! አንጀቴን በላው፤ ይኸው ማዕረጉንም ረሳሁት። ስልኩን ለካ አልዘጋሁትም፤ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነበር።

"ሰማህ?" አልኩት።

"ሰማሁ።"

ይቅርታ ልለው ነበር።

"ያን ፓስወርድ ግን" አለኝ ቀድሞ፣ "ከሰጠሁህ ቆየ እኮ። ቀየርከው?"

ባለፈው እሁድ ከእናቴ ቤት በቀጥታ ወደ እኛ መጡ፤ ማዕረጋቸውን መልሼላቸዋለሁ። ተቀመጡ፣ ወሬ ጀመርን። ላፕቶፔ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር፤ ሳልቆልፈው ተነሳሁ። እያየሁ፣ እያወቅኩ።

"ውሃ ልቅዳልህ?" አልኳቸው።

"አልጠማኝም።"

"ይጠማሃል" አልኳቸውና ወደ ኩሽና ገባሁ። ባለቤቴ ንጹሑን ብርጭቆ ደጋግሜ ሳጥብ አይታ፣ "አሁን ደግሞ ምን እየሠራህ ነው?" አለችኝ። ዝም እንድትል በጣቴ ምልክት ሰጠኋት። ከሳሎን ወንበሬ ሲጎተት ተሰማ።