የጋሼ ዓብዱልፈታሕ ይግባኝ

ከተማ ሁሉ አንድ ሳይሾም የተሾመ ዳኛ አለው። ችሎት የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ ግን ሁለት ሰዎች በጥላ ሲገፋፉ ካየ ብድግ ብሎ ሕግ ይጠቅሳል። የእናንተም ከተማ አለው። የለውም የምትሉ ከሆነ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

በአሰብ ይህን ሹመት ለብዙ ዓመት የያዙት ሊቀ ሕግ ዓብዱልፈታሕ ነበሩ። ሊቀ ሕግ ያላቸው የኑህ ሱቅ ደንበኛ ነው እንጂ መንግሥት የሚያውቃቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እሱም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ችሎታቸው የኑህ አግዳሚ ወንበር ሆነ።

ኑህ ከወደቡ በር ራቅ ብሎ ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ሩዝና ሳሙና የሚሸጥ፣ አባቱ ከወሎ ወርደው አሰብ ላይ የወለዱት ሰው ነው። አግዳሚውን ያሠራው ለደንበኛ ነበር። ሊቀ ሕግ አንድ ቀን መጥተው በጥላው በኩል ተቀመጡ፤ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው መጣ፣ ጻፉለት፤ በማግስቱም መጡ። ሰባት ዓመት መጡ። ኑህ በየቀኑ ለሚስቱ ለዙሌይኻ "ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ይህ ሱቅ እንጂ መድረሳ አይደለም" እያለ ይዝታል፤ በየቀኑም ሻይ ያስቀዳላቸዋል።

ጋሼ ዓብዱልፈታሕ ማንኛውንም ጥያቄ የሚመልሱባት አንዲት መልስ ነበረቻቸው። "ጥያቄው እሱ አይደለም።" አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሲጋራ ሊገዛ መጥቶ አግዳሚውን እያየ፣ "አባባ፣ እዚህ ቦታ ሰው አለ?" ይላቸዋል። "ጥያቄው እሱ አይደለም" አሉት። "ጥያቄው፣ ሰው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ቦታው የእሱ መሆኑ ይቀራል ወይ ነው።" ሾፌሩ ቆሞ ሲጋራውን ጨረሰ፣ ሁለተኛውንም ጨረሰ፣ ወደብ ሲመለስ የጭነት ተራው አልፎት አገኘው። ጎረቤታቸው ፋሪዳ ደግሞ ሳልሳ ልትገዛ መጥታ "ባሕሩ የማን ነው?" ተብላ ስትጠየቅ ሳልሳውን ረስታ ገባች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ፣ "የአላህ ነው" አለቻቸው፣ እፎይ ብላ። "እሱማ የታወቀ ነው" አሉ ጋሼ፤ "ጥያቄው ከእሱ በታች ያለው ነው።" ፋሪዳ ከዚያ ወዲያ ሳልሳ ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመረች።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከሚጽፉት መጽሐፍ ነው። ኑህ በሰጣቸው የፓስታ ካርቶን ውስጥ ዐሥራ ሦስት ደብተር ነበራቸው፤ ዐሥራ ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ነው። ወረቀት የሌለው ሰው መሬቱን በምን ያስረዳል? የአካባቢው አፋሮች የውኃ ጉድጓድን ማን እንደቆፈረው፣ ማን ከብቱን ሊያጠጣ ፈቃድ እንደጠየቀ፣ ማን እንደተከለከለ፣ አያት ለልጅ እየነገረ ያቆየዋል። ታዲያ በቃል የቆየው ከተጻፈው በምን ያንሳል? ጋሼ ይህን ፍለጋ ቋንቋውን ተምረው፣ በጀልባ ወደ ሰሜን እስከ ጥዖና እስከ ዒድ መንደሮች እየሄዱ ከሽማግሌዎች እግር ሥር ይቀመጡ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚወዱት ዳጉን ነው። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ከሌላው ጉዳይ በፊት ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በተራ ይነጋገራሉ፤ ያንን መጨመርም መቀነስም ነውር ነው። "ይኸውልህ ዩኒቨርሲቲ" ይሉት ነበር ለኑህ። ኑህ አፋርኛን ከልጅነቱ ቢያውቅም፣ ለእሱ ዳጉ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሰላምታ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሩዙን ይመዝናል።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከመነሳቱ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንባባዎች ያሉበት ጉድጓድ አለ፤ የአፋሩ ሽማግሌ የሼኽ ሑመድ ጎሳ ፍየሎችና ግመሎች ከጥንት የሚጠጡበት ነው። ቦታውን አንድ ድርጅት ለመጋዘን ፈልጎታል። ማስታወቂያው፣ ተቃውሞ ያለው በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለመሬት ቢሮ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። ሼኽ ሑመድ ረጅም ዱላቸውን ይዘው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ዳጉውን አደረሱ፣ በመጨረሻም፣ "ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቀኸናል፤ አሁን መልሱን ጻፍልን" አሏቸው።

የጋሼን ፊት ያን ቀን ማየት ነበር። ሙሽራ እንኳ እንደዚያ አይበራም። በሦስት ቀን ውስጥ አርባ አንድ ገጽ ጻፉ። ምስክርነቱ በአፋርኛ ተነገረ፣ በአማርኛ ተጻፈ፣ ለቢሮው ደግሞ በትግርኛና በዓረብኛ ተገለበጠ። የቀረው የምስክሮች የጣት ፊርማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጋሼ ቆሙ። ከሦስቱ የጉድጓዱ ባለ መብት ምስክሮች አንዱ፣ ሽማግሌው ዑበይዳ፣ ጥዖ ነበሩ። በጋሼ ስድስተኛ ደብተር መሠረት ደግሞ ባለ መብት በሌለበት የተነገረ ቃል ነፋስ ነው።

"ጋሼ፣ የሁለቱን ይዘው ይስጡ" አለ ኑህ። "ሦስተኛው ሲመጡ ይጨመራል።"

"ጥያቄው እሱ አይደለም። የእነሱን ሕግ የማስከብረው የእነሱን ሕግ ጥሼ ነው?"

"ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው" አለች ዙሌይኻ ከባንኮኒው ኋላ። "ቀኑ እያለቀ ነው ጋሼ።"

"ዑበይዳ ይመጣል። ጀልባ ተልኮበታል።"

ጀልባውስ ተልኮ ነበር፤ ነፋሱ ነው ያልተላከው። ጋሼ በየቀኑ ባሕር ዳር ወርደው ወደ ሰሜን ያያሉ። ዐሥራ ሁለተኛው ቀን አለፈ። ዐሥራ አራተኛው አለፈ። ኑህ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሱቁን ለዙሌይኻ ትቶ ወረቀቱን ከእጃቸው ሊነጥቅ ሄዶ ነበር፤ ደረታቸው ላይ አቅፈውት ቆመው ሲያያቸው እጁን ሰብስቦ ተመለሰ። እስከ ዛሬ የሚቆጨው እሱ ነው። ሽማግሌው ዑበይዳ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ከጀልባ ወረዱ፣ ጣታቸውን አኖሩ። ጋሼ፣ ኑህና ሼኽ ሑመድ ሆነው ቢሮ ሄዱ።

ጸሐፊው ልጅ እግር፣ ጨዋ ሰው ነው። አርባ አንዱን ገጽ አላነበበም፤ ቀኑን አየ። "ሁለት ቀን አልፎታል አባቴ" አለ።

"ጥያቄው እሱ አይደለም" አሉ ጋሼ ዓብዱልፈታሕ።

"ጥያቄው እሱ ነው" አለ ጸሐፊው፣ በትሕትና፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ መልሶ እየሰጣቸው።

 ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ከብብታቸው ሸጎጡ።  ከዚያ ሱቁ ደረሱ፤ አግዳሚው ላይ ግን አልተቀመጡም። በሳምንቱ ጉድጓዱ በሽቦ ታጠረ፣ ፍየሎቹም የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ሌላ ውኃ መነዳት ጀመሩ። ከግልገሎቹ ብዙዎቹ ያንን መንገድ አልቻሉትም።

"አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" አለች ዙሌይኻ። ተናግራው ስታበቃ ራሷ አለቀሰች።

ወር ሳይሞላ ጎሳው ጋሼን ጠራቸው። ኑህ በተከራየው ፒክአፕ ይዟቸው ሄደ፤ ቢሰድቧቸው ወይም አንዱ ጎረምሳ እጁን ቢያነሳ መሀል ሊገባ ነው፣ ይህን ግን አልነገራቸውም። ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ክብ ሠርተው ነበር። ጋሼ ከመሀል ተቀመጡ። ሼኽ ሑመድ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው፣ "ለምን ቆየህ?" አሉ።

"ሕጋችሁ ስለሚል። ባለ መብት በሌለበት የተነገረ ቃል አይጸናም።"

"ሕጉ እንደዚያ ይላል። ጠላት ውኃህ ላይ ሲመጣ ግን ያለው ሰው ለሌለው ይናገራል፤ ይህንንም ይላል። ይህን ደብተርህ ላይ ጽፈኸዋል?"

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጻፉትም።

"ዑበይዳን እንጠብቅ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አትጠብቅ እልህ ነበር። ሕጉን ጠየቅክ፣ እኛን አልጠየቅክም።"

ተመካከሩ። ፍርዱ አንድ ፍየል ሆነ። ኑህ በውስጡ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ለታጠረ ጉድጓድ አንድ ፍየል ምንም ማለት አይደለም። ጋሼ ግን በመልሱ ጉዞ ፒክአፑ ውስጥ እንባቸው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ፍየል ነው እኮ። እኔ እገዛታለሁ።"

"እንግዳን አይቀጡም፣ ኑህ" አሉት። "እንግዳ ቢያጠፋ ስንቅ ሰጥተው ነው የሚሸኙት። እኔን ቀጡኝ።"

ሰው በዚህ ያበቃል። ሊቀ ሕግ ግን ሊቀ ሕግ ናቸው፤ በማግስቱ ስድስት ገጽ ይግባኝ ጽፈው ተገኙ። ዓለም ከተፈጠረ የተቀጣ ሰው ይግባኝ የሚለው ቅጣቱ በዛ ብሎ ነው። የእሳቸው ይግባኝ ቅጣቱ አነሰ የሚል ነበር። ጥፋቱ ከባድ ነው፣ አንድ ፍየል የጉድጓዱን ክብር ይነካል፣ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ይላል። ሼኽ ሑመድ ሲነበብላቸው እንደ ሕፃን ሳቁ፤ ከታጠረባቸው ወዲህ ሲስቁ የታዩት ያኔ ነው። "ይታያል" አሉ። "ዑበይዳ ከጥዖ ሲመለስ።" ዑበይዳ ደግሞ እንደምታውቁት ቶሎ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ፍየሏም ሳትከፈል ቆየች፤ ጋሼም ጉዳያቸው በይግባኝ ላይ ያለ ሰው ሆነው ወደ አግዳሚያቸው ተመለሱ። ኑህ ለዙሌይኻ "ነገ እነግራቸዋለሁ" ማለቱን የተወው ያኔ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መርከቦቹ መምጣት አቆሙ፣ ወደ ደጋ የሚወጣው የመኪና ሰልፍ ጠፋ፣ በወደቡ ይኖር የነበረ ሕዝብ በየአቅጣጫው ፈሰሰ። ጋሼ በጅቡቲ በኩል ሊወጡ አንድ ሻንጣ ይዘው ሱቁ መጡ። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

"ይህን ከዝናብ ጠብቅልኝ።"

"አሰብ ላይ ምን ዝናብ አለ ጋሼ?"

"ጥያቄው እሱ አይደለም" አሉ፤ ጥያቄው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩትም። ኑህን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ሰላምታ ሲረዝምበት የሚያንገሸግሸው ኑህ ያን ቀን ረዘመብኝ አላለም።

በዓመቱ ከጅቡቲ የመጣ ጀልበኛ ወሬውን ይዞ መጣ። ጋሼ ዓብዱልፈታሕ በሳንባ ሕመም ሦስት ሳምንት ተኝተው አርፈዋል። ኑህ ሱቁን አልዘጋም፤ ብዘጋውስ ማን ሊያውቅ፣ ደንበኛው ሁሉ ሄዷል ብሎ። አግዳሚውን ግን ወደ ፀሐይ እንዳይወጣ በየጥላው ያንቀሳቅሰዋል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሼኽ ሑመድ መጡና ተቀመጡ። "ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?" አሉ፣ እንደ ወጉ። ኑህ ሁልጊዜ "ደህና ነው" ብሎ ነበር የሚያሳጥረው። አሁን ግን ከባንኮኒው ወጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና ጀመረ። ጀልባው መቼ እንደመጣ፣ ጀልበኛው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደነገረው፣ ሳሉ እንዴት እንደጀመረ፣ ማን ውኃ እንዳቀበላቸው፣ ስንት ሰው እንደቀበራቸው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ሲጨርስ ጥላው ዞሮ እግራቸው ስር ፀሐይ ገብቶ ነበር። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሙሉ ዳጉ ነው።

ሼኽ ሑመድ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ፣ "ዑበይዳ ተመልሶ ነበር" አሉ። "የዓብዱልፈታሕን ይግባኝ አይተንለታል። አንድ መሆኑ ልክ አይደለም ብሏል፣ እውነቱን ነው። ሁለት ፍየል አድርገነዋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ቅጣቱ በዘመዱ ላይ ይሆናል። እዚህ አገር ዘመድ አለው?"

ኑህ አላመነታም። "አለው" አለ። "እኔ ነኝ።"

ሼኽ ሑመድ ዱላቸውን ተደግፈው አዩት፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ኑህ የፓስታውን ካርቶን ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ ጭኑ ላይ አኖረ። "ሼኽ ሑመድ" አላቸው፤ "ሁለት አነሰ። ይግባኝ እላለሁ።"