አልወጣም ያለው የቴኳንዶ ጆንያ

ሰው ከትዳሩ ይፋታል፣ ከሥራው ይለቃል፣ ሲከፋው ከእድሩም ይወጣል፤ ከአሮጌ ዕቃው ጋር ግን አይለያይም። ካላመናችሁኝ አሁኑኑ ጎንበስ በሉና አልጋችሁ ሥር እዩ... አያችሁ? የተሰነጠቀ ባልዲ፣ ክዳኑ የጠፋ ፔርሙዝ፣ «አንድ ቀን ይሠራል» የተባለ ሬዲዮ። እንግዲህ ማንም በማንም አይሳቅ።

የኔ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በመሥሪያ ቤቴ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ አባል ነኝ። እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የተቃጠለ ኮምፒዩተር፣ ጎማ የሌለው ሞተር ሳይክል ይወገድ ብለን ሐሳብ የምናቀርበው እኛ ነን። እስካሁን አንድም ዕቃ አላስወገድንም፤ ስብሰባችን ግን ተስተጓጉሎ አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም አሟልተናል።

የኔ አልጋ ሥር ያለው አንድ ጆንያ ነው። በጆንያው ውስጥ በጉብዝናዬ ጊዜ እዚሁ አሶሳ ቴኳንዶ ስሠራ የለበስኳቸው መከላከያዎች አሉ፤ የራስ፣ የደረት፣ የክንድ፣ የቅልጥም... እንዲሁም ስሙን እዚህ የማልጽፈው፣ ወንድ ልጅ ከወገቡ በታች የሚያስረው አንድ ጠንካራ ጎድጓዳ ፕላስቲክ። ስፖንጁ ፈርሷል፣ ቆዳው ተልጧል፣ ማሰሪያው ላልቷል። ጠረኑ ብቻ ምንም አልሆነም፤ እንደ አዲስ ነው።

ቴኳንዶውን ያቆምኩት ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ነው። ስሙ ግን አልቆመም። በሰፈራችን ትልቁም ትንሹም የሚጠራኝ «ማስተር» ብሎ ነው። ባለሱቁ ማስተር ይለኛል፣ የባጃጅ ሾፌሩ ማስተር ይለኛል፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዮች ብቻ ናቸው። የያኔ ጓደኞቼም በደረት መከላከያዬ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም «ማስተር» ብለው ጽፈውልኛል። ታዲያ ይህ ጆንያ ከቤት ከወጣ እኔ ማን ነኝ? ቦርጫም፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ የንብረት ሠራተኛ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት ይሄንን ነው። ስሜ አብሮ የሚወጣ መሰለኝ።

ባለቤቴ ሰዓዳ ግን እንዲህ ያለው ስጋት አይገባትም። አንድ ቀን እናቷ ለዓይን ሕክምና ሊመጡ መሆኑን ነገረችኝ። አማቴ እማ ጦይባ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ ከአሶሳ ወጣ ብለው በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ያርሳሉ፣ ያረባሉ። እኛ ቤት ሲመጡ የሚተኙት ደግሞ እዚያው ጆንያው ባለበት አልጋ ላይ ነው።

«የእናቴ ዓይን ነው የደከመው፤ አፍንጫዋ ደህና ነው» አለች ሰዓዳ። «እሷ ከመምጣቷ በፊት ከሁለት አንዳችሁ ትወጣላችሁ።»

«ከእነማን ሁለት?»

«ከጆንያውና ካንተ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው። ሰዓዳ አህያውንም አትፈራም፤ ሁለታችንንም አንድ ላይ ደረደረችን። ያን ዕለት ጆንያውን አየሁት፣ እሷን አየኋት፤ እሷ ወጥ ትሠራለች፣ ጆንያው አይሠራም።

በማግስቱ ሰው ሳይነሳ ጆንያውን ተሸክሜ ወደ ሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ወረድኩ። «ሰው ሳይነሳ» ማለቴ ለወጉ ነው። አሶሳ በማንጎ ወቅት ሰው ያልተነሳበት ማለዳ የለም፤ ነፋስ ያራገፈውን ለመልቀም የማይቀድም ማን አለ? ብቻ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ጆንያውን አስቀመጥኩና እግሬን ገጥሜ፣ እጄን ከጎኔ አድርጌ፣ እንደ ድሮው ጎንበስ ብዬ ተሰናበትኩት። አትሳቁ። ስንት እርግጫ የተቀበለልኝ ዕቃ ነው።

ቁርሳችንን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማ ሀዋ ናቸው። እማ ሀዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው፣ ወገባቸው ሳይጎብጥ ገበያ የሚወጡ ብርቱ ሴት። በዚያች ጠዋት በአንደኛው ጫፍ ማንጎ፣ በሌላው ጫፍ የኔ ጆንያ ተንጠልጥሏል።

«ማስተር፣ ሌባ ያንተ ዕቃ ወስዶ ጥሎ» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። «ወላሂ ሁሉ አለ፣ እኔ አየ። አንተ በር ዝጋ።»

ምን ልበላቸው? «ሌባው እኔ ነኝ» ልበል? አመስግኜ ተቀበልኩ። ሰዓዳም ስኳር ቋጥራ ሰጠቻቸው፤ ለኔ ደግሞ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ተዳርሶ ሰፈሩ ሁሉ «እንኳን ተገኘልህ» ሊለኝ መጣ። ባለሱቁ በሬ ላይ አዲስ መቀርቀሪያ ካልመታሁ ብሎ ግብግብ ያዘኝ። በሌላ ከተማ ሰው የደበቀው ይሰረቃል ሲባል እሰማለሁ፤ እኛ ዘንድ የጣልነው ይመለሳል። ደግሞ ሌላ ቀን ሆን ብዬ ባጃጅ ውስጥ ጥዬው ወረድኩ። ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ እስከ መሥሪያ ቤቴ በር ተከተለኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼው ነው።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ ልለግሰው! ስሙን ወደማልጠራው፣ ስፖርትና ወጣትን ወደሚመለከት አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ጆንያውን አየና ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገ።

«በደስታ እንቀበላለን» አለኝ። «ግን እንዲሁ በዝምታ አንቀበልም። ድጋፍ የሚሰጠው በመድረክ ነው።»

«የምን መድረክ? እዚህ ጥጉ ላይ ላስቀምጠውና ልሂድ።»

«ባነር ያስፈልጋል። ውኃና ብስኩትም እንዲሁ። እሱን በለጋሹ በኩል ብትሸፍነው...»

አሮጌ ዕቃ ለመጣል ባነር ያሳተመ ሰው ታውቃላችሁ? እኔን እወቁኝ። የርክክቡ ዕለት ኃላፊው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ድጋፉ የወጣቱን ሥነ ምግባር እንደሚገነባና ለሌሎች ባለሀብቶች አርአያ እንደሚሆን አስረዱ። «ባለሀብት» ያሉት እኔን ነው። ለፎቶ ሲሆን የራስ መከላከያውን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው፣ አፍንጫቸውን ወደ ኮሪደሩ አዞሩ። እኔ ግን ቅር አለኝ። ጆንያው ወደ መጋዘን ሲገባ ማስተርነቴ ተጠቅልላ የገባች መሰለኝ። ሰዓዳ ቤቱን በበረኪና አጥባ ጠበቀችኝ።

እማ ጦይባ መጡ፤ የዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው። «ልጄ፣ ለካ ፀጉርህ ሸሽቷል» አሉኝ ፋሻው እንደተነሳ። ቤታችን ሰላም ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ረስቼው ነበር።

አማቴ ወደ መንደራቸው ሊመለሱ ሲሰናዱ ከዚያው ጽሕፈት ቤት ስልክ ተደወለልኝ። ነባር ስፖርተኞች ስለሚመሰገኑ ከነቤተሰብህ ተገኝ አሉኝ። እኔ ነባር ስፖርተኛ! የሠርጌን ኮት አወጣሁ። አልቆለፍ ቢለኝም ለበስኩት። ሰዓዳ ተኳኩላ፣ እማ ጦይባ በአዲሱ ዓይናቸው እያዩ፣ ከፊት ተቀመጥን። ስሜ ተጠራ፤ «ማስተር» ብለው፣ በማይክራፎን! ሽልማቱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ሁለት ሰው ይዞት መጣ። ሰዓዳ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ፍሪጅ ነው አልኩ በሆዴ... የለም፣ ፍሪጅ እንዲህ አይተጣጠፍም።

ከዚያ ነፋስ ነፈሰ። ሰዓዳ እልልታዋን ከመሃል ቆረጠችው።

ባለሙያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ማስተር፣ በጀት ስላልተለቀቀ ነው። ደግሞ ለአንተ የሚመጥን ዕቃ ብንፈልግ ከዚህ የተሻለ አጣን።»

ተቀበልኩ። አመሰገንኩ። ጎንበስም አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ፤ እኔም የገዛ ጆንያዬን አቅፌ ወረድኩ። እቤት ስንደርስ ሰዓዳ አልተቆጣችም፤ እሷ ስትቆጣ ነው የሚሻለው። የኔን ትራስና ብርድ ልብስ አውጥታ በረንዳው ላይ አነጠፈች።

ከዚህ ጣጣ ያወጡኝ እማ ጦይባ ናቸው። የሽልማት ወረቀቱን ቀደው፣ ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግፈው፣ አንድ በአንድ እያነሱ መረመሩ። ሁላችንም ስንት ጊዜ ያየነውን ዕቃ እንደ ገበያ ዕቃ ያገላበጠው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ይሄ እኮ ደህና ዕቃ ነው» አሉ። የደረት መከላከያውን አነሱ። «አህያዬ ጀርባው ቆስሎ ገጣባ ሆኖብኛል። ከጭነቱ ሥር ይሄን ባነጥፍለት ይድን ነበር። ይሄ የራሱ ደግሞ ለዶሮዬ ነው። የቅልጥሙን ለሀዋ ስጧት፤ እንጨቱ ትከሻዋን ልጦታል።» ቀጥለው ያንን ስሙን የማልጽፈውን ፕላስቲክ አነሱና ወደ ብርሃን አስጠጉት። «ይቺስ ለምንድን ናት?»

ሰዓዳ ጣሪያውን አየች።

«መስፈሪያ ናት» አልኩ።

«የምን መስፈሪያ?»

«የ... የጨው።»

«እሰይ» ብለው ከቀሚሳቸው ኪስ ከተቷት።

በዚህ ዓይነት ጆንያዬ ወጣ። እማ ሀዋ የቅልጥሙን መከላከያ ትከሻቸው ላይ አስረው በደጄ ሲያልፉ እጃቸውን ያነሱልኛል። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ እውነቴን ነው። ሰፈርተኛው ማስተር ሲለኝ እንኳ የሰው ስም የሰረቅሁ እየመሰለኝ አፍር ጀመር።

ከከረምን በኋላ ከሰዓዳ ጋር እማ ጦይባን ልንጠይቅ ወደ መንደራቸው ወረድን። ያ ስንት እርግጫ የመከተልኝ የራስ መከላከያ ገለባ ተጎዝጉዞበት ዶሮዋ ታቅፋበታለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ምሳ ቀረበ። አማቴ በዚያች መስፈሪያ ጨው ሲሰፍሩ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፤ ወዲያው ሐኪም ጨው እንደከለከለኝ ትዝ አለኝ። ሰዓዳ ሳቋን ለማፈን ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች።

እኔም ልናፈስ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማሽላው ዳር ዳሩን ስሄድ ከወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ ጮኹ፦

«ማስተር! ከማሽላው ውጣ!»

ልቤ ዘለለች። እዚህም ታወቅሁ ማለት ነው! ግን ማሽላ ውስጥ አልነበርኩም። እግሬን አየሁ፤ ጠርዙ ላይ ነኝ። ሁለቱንም እጄን ወደ ላይ አንስቼ ላሳያቸው ስል ማሽላው ተንኮሻኮሸና አንድ ወፍራም አህያ እያላመጠ ወጣ። ጀርባው ላይ በታሰረው የደረት መከላከያ፣ በነጭ ቀለም፣ በጓደኞቼ የእጅ ጽሑፍ፣ ስሜ ተጽፏል።

እማ ጦይባ ከኋላዬ ደረሱ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ከነስሙ መጣ፤ ፊደል የቆጠሩት አንብበው አወጡለት» አሉኝ። «አብሽር፣ አላሰደበህም። ገጣባው ድኗል። ያን የደረቱን ካሰርንለት ወዲህ ደግሞ እርግጫ ለምዷል፤ ጅብ እንኳ አይደፍረውም።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኔ ስም መቃብሬን እንኳ አልጠበቀ፤ በቁሜ ከአህያ ጀርባ ላይ ዋለ። ያውም እኔ ካቆምኩበት ቀጥሏል። ከዚያ ወዲህ ሰው «ማስተር» ብሎ ሲጠራኝ ቶሎ አቤት አልልም፤ መጀመሪያ ዞር ብዬ ከኋላዬ አያለሁ።