ቅናሽ የሌለው ሠላሳ አምስት ቀን

መርካቶ ውስጥ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚያምን ሰው ገና አልተወለደም። የቅናሽ ሊቅ የሆኑት ክቡር ጋሼ ጀማለዲንማ ራሳቸው ከእናታቸው ማህፀን በዘጠኝ ወር ሳይሆን በስምንት ተስማምተው ሳይወጡ አልቀሩም።

ሠላሳ ዓመት ጨርቅ በጅምላ ነግደው፣ አሁን ከሱቃቸው በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ የሶፍትዌር ድርጅት ከፍተዋል። ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ ስንት ጣቃ እንደቀረው በስልኩ የሚያይበትን ፕሮግራም ያሠራሉ። ሥራው ቢቀየርም አመላቸው አልተቀየረም። ሐኪም "መድኃኒቱን በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ" ሲላቸው "ሁለት አድርገው፣ የመጨረሻ" ብለዋል። የሊፍት ጠጋኙ ከአምስት ሰው በላይ እንዳይጫን ቢያስጠነቅቅ በሰባት ተስማምተው፣ ከነስድስት እንግዶቻቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መሃል አንድ ሰዓት ተገትረው ቀርተዋል።

ለቃለ መጠይቅ የመጣችው ሩሀማ ይህን ሁሉ አታውቅም። ከሥራ ከወጣች ሰባት ወሯ ነው። የቀድሞ አለቃዋ ሠላሳ ቀን የሚፈጅ ፕሮግራም በአሥር ቀን እንድታደርስ ቃል አስገብቷት፣ ቀኑ ሲያልፍ አሰናበታት። አሁን እህቷ ቤት ከሁለት ሕፃናት ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛለች። ሥራው በጣም ያስፈልጋታል፤ ግን ዳግመኛ የውሸት ቀን ላትናገር ምላለች።

የፕሮግራመሮቹ ኃላፊ ጴጥሮስ የጠየቃትን ሁሉ መለሰች። ከዚያ ጋሼ ጀማለዲን ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

"ሦስት መጋዘን ላለው ነጋዴ ፕሮግራሙን በስንት ቀን ታደርሺለታለሽ?"

ሩሀማ ወረቀት ላይ አስልታ "በሠላሳ አምስት" አለች።

"አሥር።"

ተሳስታ የሰማች መሰላት። "ጋሼ፣ ሙከራው ብቻ ስምንት ቀን ይፈልጋል።"

"እሺ አሥራ ሁለት። አንቺ ስለሆንሽ ነው።"

"ሠላሳ አምስት ነው።"

"ምነው ልጄ፣ እንደ ቤተሰብ እንነጋገር እንጂ። አሥራ አምስት፣ የመጨረሻ።"

ሩሀማ ክው ብላ ጴጥሮስን አየችው። ጴጥሮስ ጣሪያውን ያያል። አሥራ አምስት ብትል ሥራው የእሷ ነው፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። የተባረረችበት ቀን ትዝ አላትና ቦርሳዋን አነሳች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ በዚያ ቀን አይደርስም" ብላ ወጣች።

መርካቶ ላይ በዋጋ ያልተስማማ ሰው ሲወጣ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ተመልሶ እንደሚጠራ ያውቃላ። ጋሼ ጀማለዲንም ቀስ ስትል ሊጠሯት ተዘጋጅተው ተቀመጡ። ልጅቷ ግን የምር ሄዳለች። በዚህ ዕድሜያቸው የምር የሚሄድ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ ታክሲ ልትሳፈር ስትል፣ ጋሼ ጀማለዲን በነጠላ ጫማ እያለከለኩ በተሸካሚዎች መሃል ተጋፍተው ደረሱባት። "ሠላሳ አምስት ይሁን። ነገ ግቢ።" ሩሀማ ከድንጋጤዋ ሳትመለስ ታክሲው ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባለ ሦስት መጋዘን አስመጪ መጣ። ሩሀማ ለእሱም አስልታ ሠላሳ አምስት ቀን ብላ ነበር። ከስሱ ግድግዳ ጀርባ ሆና ሰማችው፤ "በሃያ ቀን ካልሆነ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።" መጻፏን አቆመች። ጋሼ ሃያ ካሉ ያው የድሮው ታሪክ ሊደገም ነው።

"ሠላሳ አምስት ነው" አሉ ጋሼ ጀማለዲን።

"ሃያ አምስት፣ የመጨረሻ።"

"ልጅቷ ሠላሳ አምስት ብላለች።"

አስመጪው ተነስቶ ወጣ። ማንም አልጠራውም። ጴጥሮስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሩሀማ ስትገባ ጋሼ ጀማለዲን ላባቸውን እየጠረጉ ነበር። እንደ አባቷ አሳዘኗት።

"በእኔ የተነሳ ሰው ሄደብዎ፣ ጋሼ።"

"ተይው" አሉ። በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግን በእኔና በአንቺ መሃል ይቅርና... ሠላሳ አራት አይሆንም?"

ሩሀማ በጣቷ ቆጠረች። አንድ እሑድ ሥራ ከገባች ሠላሳ አራቱ እውነት ይሆናል።

"ለእርስዎ ሠላሳ አራት" አለች።