ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው

በአማቴ ግቢ፣ ከመዋኛ ገንዳው ዳር የውጭ ሻወር የመሥራቱ ፕሮጀክት ያለ አንዳች እንከን ተጠናቋል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ መመስከር እችላለሁ። የፈጀው ስምንት ወር ብቻ ነው። አንዳንድ ሰዎች ረዘመ ይላሉ፤ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ መቼም አይጠፉም።

አማቴ ከመምሪያ ኃላፊነት ጡረታ ወጥተዋል፤ ኃላፊነቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ እንኳ "ጉዳዩ ይጠና" ይላሉ። ጥናቱ እስኪያልቅ ባለቤታቸው ከጎረቤት ይዋሳሉ።

ነገሩ የተጀመረው በአማቴ ታላቅ እህት ጉልበት ነው። እትዬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ሲሆን፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ሐኪሙ ቁርጡን ነገራቸው፦ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይራመዱ፣ አለዚያ ቢላዋ ነው። እትዬ ቢላዋ ሽንኩርት ላይ ሲያርፍ እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ፎጣቸውን ይዘው ከወንድማቸው ገንዳ ዳር ተገኙ።

"እትዬ፣ ቆይ" አሉ አማቴ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው። "ሳይታጠቡ ገንዳ አይገባም።"

"ቤቴ ታጥቤ ነው የመጣሁት።"

"ከቤትሽ እስከዚህ አቧራ አለ።"

"እሺ፣ እናንተ ቤት ልታጠብ።"

"ከመታጠቢያ ቤታችን እስከ ገንዳው ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው። እሱም አቧራ አለው። እዚሁ ዳር ላይ ሻወር መኖር አለበት።"

ይህን ብለው የገንዳውን አጥር ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ሻወሩ እስኪያልቅ ለፕሮጀክቱ ሥራ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይገባ አቅጣጫ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ግድግዳውን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ።

"አንድ ቁራጭ ቧንቧ፣ አንድ መክፈቻ፣ አንድ የሻወር ራስ። ነገ ለምሳ አደርሰዋለሁ" አለ።

አማቴ እንደተሰደበ ሰው አዩት። "ያለ ጥናት?"

"ጋሼ፣ ውሃ እኮ ነው። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።"

"እሱ የግል አስተያየትህ ነው።"

በዚያው ሳምንት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አማቴ፣ አባላቱ ባለቤታቸውና ባለቤቴ፣ ጸሐፊው እኔ። እትዬ አባል ልሁን ብለው ነበር፤ ነገር ግን ተጠቃሚ ስለሆኑ የጥቅም ግጭት ይፈጠራል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተከለከሉ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው የገባሁበት።

ሻወሩ ወደ ምሥራቅ ይዙር ወይስ ወደ ምዕራብ በሚለው ላይ ሁለት ወር ተከራከርን። አማቴ ምሥራቅ አሉ፣ ባለቤታቸው ምዕራብ አሉ፣ ሁለቱንም ወገን ለማስማማት ወደ ሰሜን እንዲዞር ተወሰነ። ከዚያ ለልምድ ልውውጥ አንድ ሆቴል ሄድን። ሙሉ ቀን ዋልን፣ በየተራ ታጠብን፣ ምሳ በላን። "ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ በአካል ተረጋግጧል" ብዬ መዘገብኩ።

የመሠረት ድንጋዩ የሚቀመጥበት ቦታ በጥናት ተለየ። ቦታው የገንዳውን ውሃ የሚያጣራው ሞተር የቆመበት ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ ለጊዜው ይነሳ ተባለ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ከተነሳ የገንዳው ውሃ ይበላሻል" አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"ገንዳው በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ አልተካተተም።"

በአራተኛው ወር ውሃው አረንጓዴ ሆነ። በስድስተኛው እንቁራሪት ገባችበት። እትዬ በአራተኛው ወር አንድ ከዘራ፣ በስድስተኛው ሁለት ያዙ። የግማሽ ዓመት ሪፖርቱ ላይ "ተጠቃሚዋ የድጋፍ መሣሪያቸውን በእጥፍ አሳድገዋል" ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን ዓረፍተ ነገሩ አምሮልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ በሁለት ከዘራ እየተደገፉ አጥሩ ድረስ መጡ።

"ወንድሜ፣ ቁልፉን ስጠኝ። ያቺ እንቁራሪት ታጥባ ነው እንዴ የገባችው?"

"እትዬ፣ ትንሽ ታገሺ። ሰማንያ ሰባት በመቶ ደርሰናል።"

"የቀረው ምንድን ነው?"

"ውሃው።"

እትዬ ከት ብለው የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም፤ ጉልበታቸውን እያሹ ተመለሱ።

በስምንተኛው ወር ምርቃቱ ደረሰ። ቧንቧ ሠራተኛው በዋዜማው ተጠርቶ፣ አንድ ቁራጭ ቧንቧ፣ አንድ መክፈቻና አንድ የሻወር ራስ ገጥሞ ለምሳ አደረሰው። የአማቴ የቀድሞ ባልደረቦች ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጥተው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ ንግግር ተደረገ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ መክፈቻው ተጠመዘዘ። ውሃው ከላይ ወደ ታች ወረደ። ሁሉም ቆመው አጨበጨቡ።

የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እትዬ ነበሩ። ከእነቀሚሳቸው ገቡና እግራቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን በደንብ ታጠቡ። ከዚያ ወደ ገንዳው ዞሩ። እንግዶቹም አብረዋቸው ዞሩ።

"ታጥቤ፣ ጸድቼ እዚህ ልግባ?" አሉ እትዬ።

አማቴ ግን በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው መልስ አጥተው አያውቁም። ሻወሩ ላይ የተሰቀለውን "ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ አዩና፣ "መግባት" የሚለው "መውጣት" በሚል እንዲታረም አዘዙ። ከዚህ ገንዳ ለሚወጣ ሰው ሻወሩ የባሰ አስፈላጊ መሆኑ ታወቀ፤ እንግዶቹም ለሁለተኛ ጊዜ አጨበጨቡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ፣ ገንዳው ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይራመዱ፣ በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተገፉ። አማቴና እኔ እስከ በሩ ሸኘናቸው። እትዬ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ሐኪሙ መጣና ኮሪደሩ ላይ ካለው ቧንቧ እጁን በሳሙና ታጠበ። ደቂቃዎች ነው የፈጀበት፤ እጁን ወደ ላይ እንደያዘ ገባ።

እትዬ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቧንቧውን አዩ። "ወንድሜ፣ ይሄን ስንት ኮሚቴ ሠራው?"

አማቴ ቧንቧውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጻፍ" አሉኝ። "ለሚቀጥለው የልምድ ልውውጥ ጥሩ ቦታ ነው።"

እትዬ የያዙት ቀኝ እጄን ነበር። ብዕሬን ለማውጣት አስለቀቅኳቸው።